እንዳ ኢየሱስ፡- ከስሙ የምንማረው እምነትና ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመቐለ ከተማ የሚገኘው እንዳ ኢየሱስ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። ስሙ ግን ከግቢው ይቀድማል። በትግርኛ «እንዳ» ማለት ቤት ወይም ቤተሰብ ስለ ሆነ፣ «እንዳ ኢየሱስ» የኢየሱስ ቤት ማለት ነው። እንደ ሽሬ እንዳ ሥላሴ ያሉ ስሞችም ምእመናን የሚኖሩበትን ስፍራ ከሚያምኑት ጋር አስተባብረው እንደ ጠሩት ያሳያሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከስሙ ተነሥተን የቤተ ክርስቲያናችንን መሠረታዊ ትምህርትና ከእርሱ የሚገኘውን ክርስቲያናዊ ምግባር በአጭሩ እንመለከታለን።

ስሙ የሚመሰክረው እምነት

ኢየሱስ ማለት መድኃኒት ማለት ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስም ይህ ስም የተሰጠው ሕዝቡን ከኃጢአታቸው የሚያድን ስለ ሆነ እንደ ሆነ ጽፏል (ማቴ. 1፥21)። መድኃኒትነቱን በትክክል ለመረዳት ግን ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የምታስተምረው በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ነው።

የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥላሴ ነው። እግዚአብሔር በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በህልውና፣ በመለኮት አንድ መሆኑን እንማርበታለን። ሁለተኛው ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ከሦስቱ አካላት አንዱ ወልድ ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ፣ ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል በተዋሕዶ ሰው መሆኑ ነው። ሦስተኛው ምሥጢረ ጥምቀት የእግዚአብሔር ልጆች ሆነን የምንወለድበት፣ አራተኛው ምሥጢረ ቁርባን ሥጋውንና ደሙን ተቀብለን ከእርሱ ጋር አንድ የምንሆንበት፣ አምስተኛው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ደግሞ ተስፋችን ነው።

ይህ ትምህርት በኋላ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። 318ቱ ሊቃውንት በ325 ዓ.ም በኒቅያ፣ 150ው በ381 ዓ.ም በቍስጥንጥንያ፣ 200ው በ431 ዓ.ም በኤፌሶን ተሰብስበው ከሐዋርያት የተቀበሉትን አጽንተው አስረክበውናል።

ከእምነት የሚወለድ ምግባር

ሐዋርያው ያዕቆብ ምግባር የሌለው እምነት ሕይወት እንደሌለው ያስተምራል (ያዕ. 2፥17)። ስለዚህ ክርስቲያን ዐሥርቱን ትእዛዛት ይጠብቃል፤ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ይመጸውታል። ስድስቱ ቃላተ ወንጌል የተባሉትንም ይፈጽማል። እነርሱም የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅና የታሰረን መጎብኘት ናቸው (ማቴ. 25፥35-36)። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ስለ እነዚህ ነው። ለተናቀው የተደረገውን ለራሱ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጠላትን መውደድ ነው (ማቴ. 5፥44)። እንዳ ኢየሱስም የዚህን ክብደት የሚያሳይ ታሪክ አለው። በ1888 ዓ.ም በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ የኢጣልያ ጦር በዚህ ኮረብታ መሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከበበው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የምሽጉ ሰዎች የሚቀዱበት ምንጭ በተያዘ ጊዜም ውኃ ጥም አስጨነቃቸው። በጥር ወር ዐፄ ምኒልክ የተከበቡት ከነመሣሪያቸው በሰላም ወጥተው ወደ ወገኖቻቸው እንዲሄዱ ፈቀዱ። በውሳኔው ውስጥ የጦርነትና የድርድር ስሌትም ነበረበት። ቢሆንም በጥም ሊያልቁ የነበሩ ሰዎች ከሞት ተርፈዋል። በኢየሱስ ስም በተጠራ ስፍራ የተጠማ ጠላት በሕይወት መለቀቁ ለእኛ ትምህርት ነው።

እኛስ?

በዘመናችን ያለፈው ፈተና ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያው ስምምነት እንዲቆም በተወሰነው ጦርነት፣ በተለያየ ወገን ከተሰለፉትና ከተጎዱት ብዙዎቹ በአንዲት ጥምቀት የተወለዱ፣ ከአንድ ጽዋዕ የሚቀበሉ ነበሩ። ስለ ሥላሴ አንድነት የሚያስተምር አንደበት ስለ ወንድሙ ሞት ዝም ካለ፣ ምሥጢረ ቁርባንን የሚያምን ሰው የተራበውን ካለፈ፣ ትምህርቱ በቃል ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። እንግዲህ እንዳ ኢየሱስ በመቐለ ያለ የአንድ ሰፈር ስም ብቻ አይደለም፤ የተጠመቀ ሁሉ የኢየሱስ ቤት ነው። ቤቱም የባለቤቱን ጠባይ ሊያሳይ ይገባዋል። በልቡ ቂም የያዘ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ይቅረብ፤ የተጣላውን ሳይታረቅ መባ አያቅርብ (ማቴ. 5፥23-24)። የተፈናቀለውን ይጠይቅ፣ ያዘነችውን እናት በቋንቋዋና በወገኗ ሳይለይ ያጽናና። እምነታችንን ለልጆቻችን የምናስረዳበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ኑሯችን ነውና።

አምላካችን ስሙን ተሸክመን ምግባሩን እንዳንተው ይርዳን፤ የተለያዩትን ያስታርቅ፣ ያዘኑትን ያጽናና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።