ከሰዓት ወደ ሕፃኑ፦ ስለ ጨቅላ ሕፃናት የመጥባት መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ዶ/ር ኤመት ሆልት ለእናቶችና ለሞግዚቶች ባሳተሙት መጽሐፍ ጨቅላ ሕፃን በተወሰነ ሰዓት እንዲጠባ መከሩ። የኒውዚላንዱ ዶ/ር ትሩቢ ኪንግ ሥርዓቱን አጠበቁት፤ በየ4 ሰዓቱ ይጠባል፣ ሌሊት አይጠባም። ሰዓቱ አዛዥ፣ ሕፃኑ ታዛዥ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመ አንድ ጥናት ግን ጥያቄውን ገለበጠው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፍራንሰስ ሲምሳሪያን ከዶ/ር ፕሬስተን ማክሌንደን ጋር ተመካክረው ልጃቸውን በፈለገ ጊዜ ሁሉ እያጠቡ መዘገቡ። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙም አልነቃም። ወተቱ መውረድ ሲጀምር ግን በቀን 10 ጊዜ ያህል ይነቃ ጀመር፤ በ2ኛው ሳምንት ወደ 6 ወይም 7 ጊዜ ቀነሰ፤ በ10ኛው ሳምንት ከ2 እስከ 4 ሰዓት የሚራራቅ የራሱን ልማድ አበጀ።

አንድ ሕፃን ብቻ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም «ወተቴ አይበቃውም» የሚለው ሥጋትና ጡጦው አብረው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ቀናት ነው፤ ወተት የሚበዛው ግን ጡት በተደጋጋሚ ሲጠባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጧቸው 10 እርምጃዎች ሕፃኑ በፈለገ ጊዜ ማጥባትን አካተዋል።

እናት ማስታወሻዋን ይዛ ስትመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ይበልጥ የሚያሠጋው ረጅም ሰዓት ተኝቶ ለመጥባት የማይነቃው ሕፃን ነው፤ ክብደቱና የቆዳው ቢጫነት በዚያው ዕለት ይታይ።