የሥራ ለውጥ ውሳኔ፦ ሠራተኛው ከመልቀቁ በፊት ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የሥራ ለውጥ ማለት አንድ ሠራተኛ ከያዘው ሥራ ወደ ሌላ ቀጣሪ፣ ወደ ሌላ ሙያ፣ ወደ ሌላ አካባቢ ወይም ወደ ራሱ ሥራ የሚያደርገው ሽግግር ነው። ሽግግሩ በተገቢው ዝግጅት ሲከናወን ገቢንና ሙያን ያሳድጋል። በችኮላ ሲፈጸም ግን የተጠራቀመ መብት፣ ጥሪት፣ አንዳንዴም ጤና ይታጣበታል። ይህ ጽሑፍ የአይከል ከተማንና አካባቢዋን በምሳሌነት በመውሰድ፣ ውሳኔው በምን ሊመዘን እንደሚገባ ያብራራል።

ሦስት አማራጮች በአንድ መንገድ ላይ

የጭልጋ ወረዳ ማዕከል የሆነችው አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በስተ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጎንደር በዩኒቨርሲቲዋ፣ በሆስፒታሏ፣ በሆቴልና ቱሪዝም አገልግሎቷ፣ በንግድና በግንባታ ሥራዋ ሠራተኛን ትስባለች። በስተ ምዕራብ መንገዱ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ በዚያም የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ሰፋፊ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ ብዙ የሰው ጉልበት ይፈልጋሉ። ሦስተኛው አማራጭ እዚያው አይከል ሆኖ በያዙት ሙያ ማደግ ወይም የራስን ሥራ መጀመር ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ እንደ አማራጭ ሳይቆጠር ይታለፋል።

ሦስቱም ለአንዱ ሰው ትክክለኛ፣ ለሌላው የተሳሳተ ውሳኔ ሊሆኑ ይችላሉ። በመሆኑም መመዘኛው የመጀመሪያው ወር ክፍያ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሥራው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በሠራተኛው እጅ የሚተወው ሙያ፣ ማስረጃ፣ ቁጠባና የጡረታ አገልግሎት ዋነኛው መመዘኛ ነው።

ደመወዝን ሳይሆን በእጅ የሚቀረውን ማስላት

በአይከል ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በጎንደር የ9,000 ብር ሥራ ቢቀርብለት፣ ልዩነቱ 3,000 ብር ይመስላል። ለምሳሌ ያህል ለቤት ኪራይ 2,000 ብር፣ ለምግብ ተጨማሪ 1,200 ብር፣ ለትራንስፖርት 400 ብር የሚያወጣ ከሆነ ግን አዲሱ ወጪ 3,600 ብር ይደርሳል። ሠራተኛው ደመወዙ ጨምሮ ሳለ ኑሮው በወር 600 ብር ይጎድላል። ከደመወዙ ላይ የሚቀነሰው ግብርና የጡረታ መዋጮ ሲታከልበት ጉድለቱ ይሰፋል።

ይህ ስሌት ወደ ጎንደር መሄድ አይጠቅምም ማለት አይደለም። አዲሱ ሥራ በአይከል የማይገኝ ሙያ የሚያስጨብጥ ወይም የማታ ትምህርት ለመከታተል የሚያስችል ከሆነ፣ የ600 ብሩ ጉድለት ለሙያ የተከፈለ ወጪ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ሠራተኛው ጉድለቱን አስቀድሞ ማወቁና ለስንት ወር ሊሸፍነው እንደሚችል መወሰኑ ነው።

ወደ ቆላ የሚደረግ የወቅት ሥራ

በመተማና አካባቢው ያለው የእርሻ ሥራ በአብዛኛው ወቅታዊ ነው። አረሙ በክረምቱ ወራት፣ የሰሊጥ አጨዳው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ስለሚረግፍ በአጨዳ ጊዜ የጉልበት ዋጋ ከፍ ይላል። ይህ ለአጭር ጊዜ ጥሩ ገቢ ያስገኛል፤ ይሁንና ወቅቱ ሲያልፍ ሥራውም ያልፋል። ቋሚ ሥራን ለቅቆ መሄድና ሥራ በሌለበት ጊዜ መሄድ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም።

ሌላው ሊታሰብ የሚገባው ጤና ነው። ከደጋና ከወይና ደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች ለወባና ለካላዛር በቀላሉ ይጋለጣሉ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ምልክቱ ከወራት በኋላ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሊታይ ይችላል። የማያቋርጥ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የሆድ ማበጥ የታየበት ሰው ቆላ ወርዶ እንደነበር ለሐኪም ሊያስረዳ ይገባል፤ በሽታው ካልታከመ ለሞት ይዳርጋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ሠራተኛው አጎበር ይዞ መሄድ፣ ቀጣሪው ስለሚያዘጋጀው ማደሪያና ስለ አካባቢው ጸጥታም አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

በያዙት ሙያ ማደግ

በአይከል እንደሚገኙት ልብስ ሰፊዎች፣ አናጺዎች፣ ግንበኞችና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሁሉ ብዙ ባለሙያ ሥራውን የተማረው ከቤተሰብ ወይም ከጌታው ሥር ሆኖ ነው። የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በደረጃዎች የተዋቀረ ሲሆን፣ የሙያ ብቃት ምዘናው በመደበኛ ሥልጠና ላላለፉና በልምድ ሙያ ላካበቱ ሰዎችም ክፍት ነው። በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ የያዘ ባለሙያ በሥራ ቅጥርም ሆነ በጨረታ ሙያውን በማስረጃ ማሳየት ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመልቀቅ በፊት ያለውን ሙያ ማስመዘን፣ በአነስተኛ ወጪ የሚፈጸም የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚገኝ እድገትም ሊዘነጋ አይገባም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው፤ ከ10ኛ ክፍል ተነሥተው በአንድ ዓመት ሥልጠና ሥራ ከጀመሩት መካከል ብዙዎቹ ቀበሌያቸውን በቋሚነት ሳይለቁ ትምህርታቸውን አሻሽለው ደረጃ 4 ደርሰዋል። በተጨማሪም በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መሠረታዊ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠናዎችን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ከመልቀቅ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ መብቶችና ግዴታዎች

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ የሚከተሉትን ልብ ሊል ይገባል።

• ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሳይሰጥ ቢለቅ ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።
• ቀጣሪው የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና የደመወዝ መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።
• በአዲሱ ሥራ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል፣ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ መቆጠብ ይመከራል።
• ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የሚገልጽ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው ይሰጣል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሚመራው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በመሆኑ፣ የመልቀቂያ ሥርዓቱንና ከትምህርት ወይም ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ያለበት መሆኑን ከሰው ሀብት ክፍሉ ሊያረጋግጥ ይገባል።

ጡረታን በተመለከተ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በዐቅዱ ታቅፈዋል። መዋጮው በሠራተኛው 7 በመቶ፣ በአሠሪው 11 በመቶ ነው። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜ የዘወትር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። የጡረታ መለያ ቁጥሩን ሳይዝ የወጣ ወይም መዋጮ የማይከፍል ቀጣሪ ዘንድ የገባ ሠራተኛ፣ ጉዳቱን የሚያውቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የውጭ አገር ሥራ

የመተማ መስመር ድንበር የሚያሻግር በመሆኑ፣ በደላላ ግፊት በሱዳን በኩል ለመሄድ የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በሱዳን የቀጠለው ጦርነት ይህን ጉዞ ይበልጥ አደገኛ አድርጎታል። በሕጋዊው መንገድ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያሉትን ነው። ስለሆነም ለቪዛና ለጉዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከሕግ ውጭ እየሠራ መሆኑ ከጥያቄው ይታወቃል።

ከውሳኔ በፊት የሚመለሱ አምስት ጥያቄዎች

1. ያለውን ሥራ ለመልቀቅ ያነሣሣው ምክንያት ደመወዝ፣ የሥራው ባሕርይ ወይስ ከአለቃ ጋር ያለ አለመግባባት ነው? በዝውውር ወይም በውይይት የሚፈታ ከሆነ መልቀቅ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።
2. ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በእጅ የሚቀረው ምን ያህል ነው?
3. ሥራው ከሁለት ዓመት በኋላ በማስረጃ የሚታይ ምን ሙያ ያስገኛል?
4. ካልተሳካ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ በምን ወጪ መመለስ ይቻላል?
5. የቤተሰቡ አባላት፣ በተለይም በገቢው የሚተዳደሩት፣ በውሳኔው ተማክረውበታል?

አዲሱ ውል ሳይፈረም የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባት አይመከርም። ሥራ ፈላጊዎችና ሥራ ለመለወጥ የሚያስቡ ሠራተኞች በየቀበሌው በሚገኙ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያዎችና በወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መመዝገብ፣ ስለ ሥልጠናና ብቃት ምዘና መጠየቅ እንዲሁም ምክር ማግኘት ይችላሉ።