ከንባቡ በላይ ያሉት ትንንሽ ፊደላት

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ ሲገለጥ መስመሩ ድርብ ነው። ከታች ንባቡ በወፍራም ብዕር ይሄዳል፤ ከበላዩ ደግሞ በቀጭን ብዕር የተጻፉ፣ አንድም ሁለትም ሦስትም የሚሆኑ ፊደላት እዚህም እዚያም ሰፍረዋል። ዜማ ያልተማረ ሰው ከንባቡ ጋር ሊያገጣጥማቸው ቢሞክር ምንም አይነግሩትም። ምልክት ይባላሉ። እያንዳንዱ ምልክት ዜማው ከታወቀ ከሌላ ቃል ላይ ተቆንጥሮ የመጣ ነው። ተማሪው ፊደሏን ሲያይ ሙሉው ቃል ትዝ ይለዋል፤ ከቃሉ ጋር ዜማው ይመጣል፤ ያንን ዜማ ወስዶ ፊቱ ባለው ንባብ ላይ ያውለዋል።

ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ዞቴሮ ወይም ኤንድኖት በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራውም ይህንኑ ነው። የመጽሐፉን ደራሲ፣ ርእስ፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት አንድ ጊዜ ይመዘግባል። በጽሑፉ መካከል የሚያኖረው ግን አጭር ጠቋሚ ብቻ ነው፤ ጠቋሚውን ከሙሉው መዝገብ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራሙ ነው። በድጓው በኩል ሙሉው መዝገብ ያለው በሊቁ ቃል ውስጥ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ምንጭ መጥቀስ ከውጭ እንደመጣ ሥርዓት ብቻ ሲሰጥ ባየሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። የድጓ ሊቃውንት በሚመሰከሩባት በደቡብ ጎንደሯ ጋይንት ይህ ጥበብ ዕድሜ ጠገብ ነው።

የድጓው ድርሰት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። የምልክቱ ሥርዓት ግን የኋላ ሥራ ነው። ትውፊቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ሆነው ምልክቱን እንዳደራጁ ይናገራል። ዘመኑን ልብ ይሏል። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ያበቃው በ1543 ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ካህናት አልቀዋል። ዜማውን በቃሉ የያዘ ሰው ሲሞት ዜማው አብሮት እንደሚቀበር በዓይኑ ያየ ትውልድ፣ ቢያንስ መንገድ ጠቋሚውን በብራና ላይ ማስፈሩ አያስደንቅም።

የድጓው ምስክር ቤት በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ናት። በዜማ ከሚታወቁት ስልቶች፣ ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ጋር፣ የቤተ ልሔም ስም የሚጠራው ስለዚህ ነው፤ በስፋት የተሠራጨውም የቤተ ልሔም ስልት ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ውስጥ ናት። ከሌላ አገር ድጓ የዘለቀ ተማሪ እንኳ መምህር ለመባል ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ቃሉን ያሰማል፣ ይታረማል፣ ያስመሰክራል። የገዛ ድጓውን ከነምልክቱ መጻፍም የትምህርቱ አካል ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብዕር ቀርጾ የሚጽፈው መጽሐፍ ለዕድሜ ልኩ የሚያመሳክርበት የራሱ መዝገብ ይሆናል። በዚህ ላይ ከማን እንደተማረ ያውቃል፤ መምህሩ ከማን እንደተማረም ያውቃል። ይህ የትምህርት ሐረግ የዕውቀቱ ማረጋገጫ ነው።

የውጭው ዓለም መጻሕፍት ስለ ቤተ ልሔም የሚጠቅሱት ሌላ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደዚያ ተጉዞ፣ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ቤት በሚመስለው ሕንፃ ውስጥ ጥንታዊ፣ በድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ዘረዘረው። ስለዚህም በብዙ ዋቢ መጻሕፍት ቤተ ልሔም «የተገኘችው» በ1955 ነው። ከየአቅጣጫው እየመጡ ደጇ ላይ የኖሩ የድጓ ተማሪዎች ግን በየትኛውም የዋቢ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። ያልተመዘገበ ምንጭ እንዳልነበረ መቆጠሩ ያሳዝናል።

ምልክቱን ለዓለም ተመራማሪ የከፈቱት የሙዚቃ ምሁራኑ ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፍሪ ናቸው። ሸለሜይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከዜማ ሊቅ በድምፅ የቀረጹትን ይዘው፣ ከ1993 ጀምሮ በ3 ቅጽ ባሳተሙት ሥራ ከ500 በላይ ምልክቶችን ከነምንጫቸው ዘርዝረዋል። ሸለሜይ ድምፁን በቀረጹበት ዐሥር ዓመት፣ በ1973፣ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ የሂል ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ነው። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። የግዕዝ ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከቀሩ በኋላ፣ ሚኒሶታ ሆነው የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር ቅጽ በቅጽ አወጡ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ የፊልሙን ቁጥር ብቻ ቢጽፍ ሌላው ብራናውን ያገኘዋል። ለእኔ ይህ ካታሎግ ከታላላቅ የአገር ውለታዎች አንዱ ነው።

ኮምፒውተሩ ዘግይቶ ደረሰ። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ወደሆነው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት፣ ፊደል ሳይሆኑ ቅርጽ የሆኑት የዜማ ምልክቶች ደግሞ በ2005 ተከተሉ፤ ከነአጫጭርና ጥንድ ቅርጾቻቸው 10 ሆነው ተመዝግበዋል። ዞቴሮ በ2006 በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በነጻ ተለቀቀ። ከ2016 ጀምሮ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በአሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት የሚካሄደው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የብራና ጥናት፣ ዋቢዎቹን በሙሉ በዞቴሮ የጋራ ማኅደር ያኖራል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የደራሲው ስም፣ ዓመቱና የርእሱ ቃል የተቆራኙበት አጭር መለያ አለው፤ በብራናው መግለጫ ላይ የሚገባው መለያው ብቻ ነው፤ ቀሪውን ማኅደሩ ይሞላል። ድጓ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም።

ፕሮግራሙ ግን ለእኛ ሰው ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው ስም ነው። ሣጥኖቹ የቤተሰብ ስምንና የግል ስምን ለይተው ይጠይቃሉ፤ እንደታዘዘ የሞላ ተማሪ ጌታቸው ኃይሌን «ኃይሌ፣ ጌታቸው» አድርጎ ያወጣቸዋል፤ ልጁ ቀርቶ አባቱ ደራሲ ይሆናል። በዞቴሮ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከስሙ ጎን ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ሁለቱን ሣጥን አንድ ማድረግና ሙሉ ስሙን እንዳለ መጻፍ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው ያሰለፈው። ሁለተኛው ዓመት ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዓ.ም. ሳይባል እንዲሁ የገባ እንደሆነ መጽሐፉ ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሸመግላል።

የቃል ምንጭስ? ዞቴሮ ለቃለ መጠይቅ የተለየ ዘርፍ አለው፤ የድምፅ ቅጂም ማያያዝ ይቻላል። መምህሩ ከማን እንደተማረ የሚገባበት ሣጥን ግን የለም፤ በማስታወሻው ቦታ በእጅ መጻፍ ይኖርበታል። በዚያው በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። የቤተ ልሔምን የድጓ መምህራን ድምፅ፣ የትምህርት ሐረጋቸውን፣ የየምልክቱን ምንጭ ቃል በአንድ የጋራ ማኅደር መዝግቦ ለሁሉም ተማሪ መክፈት ይችላል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፣ ፊደሉም በኮምፒውተሩ አለ፣ ምልክቱን እያዩ ሙሉውን ቃል የሚናገሩት የኔታም ጉባኤያቸው ላይ ናቸው።