የአሞናስሮ ድምፅ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1951 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ አንድ ምርኮኛ ንጉሥ ከእስረኞች መካከል ወጣ። ንጉሡ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስሙም አሞናስሮ ይባላል። በየትኛውም የነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ አይገኝም፤ የቬርዲ «አይዳ» የፈጠረችው ንጉሥ ነው። በዚያ ምሽት ድምፁን ያዋሰው በሜትሮፖሊታን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው የ31 ዓመቱ ጆርጅ ለንደን ነበር።

ለንደን ባስ-ባሪቶን ነበር። ይህ የድምፅ ዓይነት ጥልቀቱን ከባሱ፣ ወደ ላይ የመውጣት ኃይሉን ደግሞ ከባሪቶኑ ይወስዳል፤ ሁለቱን በአንድ ጉሮሮ አስማምቶ የሚይዝ ዘፋኝ ግን ጥቂት ነው። የለንደን ድምፅ ወፍራምና ጥቁር ሲሆን ወደ ከፍታው ሲወጣም አይሳሳም፤ ይልቁንም እንደ ብረት ያስተጋባል። አሞናስሮ አጭር ሚና ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ብቻ ይታያል። ክብደቱ ሁሉ ያለው በአባይ ዳር በሚካሄደው ትዕይንት ላይ ነው። አባት ልጁን፣ የምትወደው የግብፅ ጦር አዛዥ የሚዘምትበትን መንገድ አውጥታ እንድታመጣለት ይጠይቃታል። መጀመሪያ በአገር ናፍቆት ያባብላታል፤ እምቢ ስትለው ልጅነቷን ክዶ የፈርዖኖች ባሪያ ይላታል። ደካማ ዘፋኝ እዚህ ላይ ይጮኻል። እንደ ለንደን ያለ ድምፅ ግን መጮኽ አያስፈልገውም፤ ክብደቱ ብቻውን ያስፈራል።

የዚህ ንጉሥ አመጣጥ የገንዘብ ታሪክም አለው። ኬዲቭ እስማኤል ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ከፈሉ፤ አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ በተከበበችው ፓሪስ ውስጥ ተይዘው በመቅረታቸው የመጀመሪያው ትርኢት ዘግይቶ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 በካይሮ ታየ። በኦፔራው ኢትዮጵያውያን ይሸነፋሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የእስማኤልን ጦር ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ደግሞ ጉራ ላይ ድል ነሣ። ጉንደት በተዋጋበት በዚያው ኖቬምበር ኬዲቩ የስዊዝ ቦይ አክሲዮናቸውን ለብሪታንያ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጡ፤ በ1876 የአውሮፓ አበዳሪዎች የግብፅን የዕዳ ገቢ የሚቆጣጠር ተቋም አቆሙ። ሽንፈቱን ለኪሳራው ብቸኛ ምክንያት ማድረግ ግን ስህተት ነው፤ ዕዳው ከጦርነቱ በፊት ተከምሮ ነበር።

ለንደን አሞናስሮን በዘፈነበት ዓመት በሜትሮፖሊታን የኢትዮጵያን ንጉሥ ሚና ጥቁር ዘፋኝ ተጫውቶት አያውቅም ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1955 ማሪያን አንደርሰን በሩን ከፈተች። በዚያው ወር 27ኛ ቀን ሮበርት ማክፈሪን በዚያ መድረክ ዋና ሚና የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ፤ ሚናውም አሞናስሮ ነበር። የለንደንን ድምፅ ማድነቅና ይህን መርሳት አብረው አይሄዱም።

የለንደን ታላቅ ምሽት የመጣው ግን በሌላ ንጉሥ ነው። በሴፕቴምበር 1960፣ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመትቶ በወደቀ በአራት ወሩ፣ ቦሪስ ጎዱኖቭን በቦልሾይ በሩሲያኛ የዘፈነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። በሞንትሪያል ተወልዶ በሎስ አንጀለስ ያደገው ይህ ሰው የሩሲያ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ ለሞስኮ አድማጭ ወላጆቹ ጥለውት የወጡትን አገር ዛር ሆኖ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንደኛው የድምፅ አውታሩ ሽባ ሆነ፤ በ1967 መዝፈን አቆመ። በዋሽንግተን በኬኔዲ ማዕከል የኪነ ጥበብ አስተዳዳሪ ሆነ፤ ቀጥሎም ወጣት ዘፋኞችን የሚረዳውን ብሔራዊ የኦፔራ ተቋም፣ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ የከተማዋን ኦፔራ መራ። በ1977 የልብ ሕመም ጣለው፤ በማርች 1985 አረፈ። በ1958 በቪየና በሾልቲ መሪነት በተቀዳው «የራይን ወርቅ» ዎታንን የዘፈነበት ቅጂ ዛሬም ይሸጣል።