የእናታችን ቀለበት በሚዛን ላይ

ባለፈው ዓመት ታናሽ እኅቴ የትዳሯን አሥረኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ የቃል ኪዳን ቀለበቷን በተሻለ ልትለውጥ አሰበች። የምትጨምረው ገንዘብ እንዲቀልላት ከእናታችን የወረሰችውን አሮጌ ባለ ፈርጥ ቀለበት ይዛ፣ ሁለታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ወጣን። የገባንበት ወርቅ ቤት ባለቤት ቀለበቱን መዘነና፣ «ወርቁን በግራም እይዝላችኋለሁ። ድንጋዩ ግን አይታሰብም፣ የዱሮ ብርጭቆ ነው» አለን። እኅቴ ልትስማማ ስትል እጇን ያዝኩና ወጣን።

በዚያ መንገድ ስንት እናት ጌጧን በመሐረብ ቋጥራ ወጥታ ይሆን? ድልድዩ የሐረር ገዥ የነበሩትን፣ በ1898 ዓ.ም. ያረፉትን የራስ መኮንንን ስም ይዟል። ከድልድዩ በላይ ያለው ሰፈር አራዳ ነበር፤ «ፒያሳ» የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። ትልቁ ገበያ በወረራው ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር ወርቅና ፒያሳ ግን ሳይለያዩ ቆዩ።

ለአያቶቻችን ጌጥ ማለት ባንክ ነበር። በጥሎሽ የመጣው የአንገትና የእግር ጌጥ አብዛኛው ብር ሲሆን፣ የሚሠራውም ማርትሬዛን በማቅለጥ ነበር። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ የሚለካበት ወቄትም ከእርሷ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነበር። እናቶቻችን በሚዛን የሚያምኑት ስለዚህ ነው። ብርና ወርቅ በሚዛን ይታወቃሉ፤ አልማዝ ግን በሚዛን ብቻ አይታወቅም።

ቀለበትና ታሪክ በአንድ ክፉ ቀንም ተገናኝተዋል። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. የሞሶሊኒ መንግሥት የጣሊያን ሴቶችን የጋብቻ ቀለበት በአደባባይ ሰበሰበ። ንግሥት ኤሌና ቀለበቷን በመስጠት ቀዳሚ ሆነች፤ ለሰጡት ሴቶችም በምትኩ የብረት ቀለበት ታደላቸው። ያ ወርቅ የተሰበሰበው በእኛ ላይ ለተከፈተው ጦርነት ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጦሩ አዲስ አበባ ገባ። የሴት ቀለበት ትንሽ ነገር ነው የሚል ይህን ያስታውስ።

ወደ እናታችን ቀለበት ልመለስ። በሌላ ቀን ማጉያ መነጽር ወዳለው ባለሙያ ሄድን። እርሱ ሲያስረዳን የፈርጧ ፍዘት ምክንያት ገባን። የዛሬው ክብ አልማዝ የሚቆረጠው፣ ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ መሐንዲስ በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስሌት መሠረት ባደረገ ልክ ነው፤ 57 ወይም 58 ገጽ አለው፤ በኤሌክትሪክ መብራት ይንቦገቦጋል። የቀድሞው አልማዝ ግን በዓይንና በእጅ ልምድ፣ በሻማና በኩራዝ ብርሃን እንዲያምር የተቆረጠ ነው። ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ገጽ ጠባብ ነው፤ የታችኛው ጫፉም ስለሚቆረጥ ከላይ ሲያዩት በመካከሉ ትንሽ ክብ ይታያል። ከዚያም የቆየው፣ የጽጌረዳ አቆራረጥ የሚባለው፣ ከሥሩ ዝርግ ስለሆነ ብልጭታው ያነሰ ነው። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ብርጭቆ ይመስላሉ።

የእናታችን ፈርጥ ያች ትንሽ ክብ ነበረባት። መሣሪያውም አልማዝ መሆኗን አረጋገጠ። ግማሽ ካራት እንኳ አትሞላም፤ አንድ ጠርዟም ተሸርፏል። ሀብታም አላደረገችንም፤ ብርጭቆም አልነበረችም።

ከዚህ የተማርነውን ለእናንተም ላካፍል። የወርቅ ካራትና የአልማዝ ካራት አንድ አይደሉም። የወርቁ የጥራት መለኪያ ነው፤ 18 ካራት ማለት ከ100 እጅ 75ቱ ወርቅ ነው። የአልማዙ ግን ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ሙቀት የሚለካው መፈተኛም ሞይሳናይት የሚባለውን ድንጋይ አልማዝ ነው ሊል ስለሚችል በማጉያም ይታይ። «ልሙልጭ እናድርገው፣ እንደገና እንቁረጠው» ቢሏችሁ አትቸኩሉ፤ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የጥንት መልኩም አይመለስም። ፈርጡ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ አንሡ፤ የወርቁንና የድንጋዩን ዋጋም ለየብቻ አስጽፉ።

ሌላው የሕግ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በውርስ ያገኘሽው ንብረት የግልሽ ነው። በትዳር ውስጥ ሳለሽ በሌላ ስትለውጪው ግን፣ አዲሱም የግልሽ ነው እንዲባል ፍርድ ቤት ጠይቀሽ ማስወሰን አለብሽ። ከባል ጋር በፍቅር ያለች ሴት ይህን ማሰብ ያሳፍራታል። እኅቴም አፍራ ነበር፤ ባሏ ራሱ «የእናትሽን አትንኪ» ባይላት ኖሮ።

በመጨረሻ ቀለበቱን አልለወጠችም። ፈርጧን አስነቅላ በራሷ የቃል ኪዳን ቀለበት ላይ አሳሰረቻት፤ የእናታችንን ወርቅ ግን እንዳለ አስቀመጠችው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የምናውቃቸው ባለሙያዎች ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። የትኛው ጌጥ ከየት እንደመጣ የሚነግረን ሰው እየቀነሰ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ የጌጣቸውን ታሪክ እንጠይቃቸው፤ እንጻፈውም። እኔ እናቴን ሳልጠይቃት ቀረሁ።