የመሪሳዋ እርሾ

እስቲ ስሙኝማ። የዛሬው ትረካ የሚነሳው ከካርቱም ነው፤ የኛ ዓባይ ከነጩ ዓባይ ጋር ከሚገናኝበት ከተማ። ባለታሪኳ ግን ሰው አይደለችም፤ በዓይን የማትታይ አንዲት የእርሾ ህዋስ ናት።

በሱዳን ከማሽላ የሚጠመቅ መሪሳ የሚባል መጠጥ አለ። ጠላ የሚያውቅ ሰው አይቸገርም፤ ብቅሉ ከዚያው ከማሽላው ነው። የኮመጠጠው ሊጥ እሳት ላይ እስኪጠቁር ይታመሳል፤ ሱሪጅ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእርሾ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጁና ብዙ መጠጥ ዓባይ ውስጥ ተደፋ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሐሚድ ዲራር ስለ ሱዳን ባህላዊ የፈሉ ምግቦችና መጠጦች አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተሙ፤ መሪሳም አልቀረችበትም። የተከለከለን ነገር እንዲህ አክብሮ መጻፍ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ድፍረት ነው።

ታዲያ ወደ ህዋሷ እንግባ። የዚህ የእርሾ ወገን መሠረታዊ የክሮሞሶም ቁጥር 16 ነው። ህዋሷ ልትከፈል ስትል እያንዳንዱን ክሮሞሶም ትገለብጣለች፤ እህትማማቾቹ ቅጂዎችም ኮሄሲን በሚባል የፕሮቲን ቀለበት ታስረው ይቆያሉ። ከሁለቱ ዳር ቀጫጭን ክሮች ይመጡና አንዷን እህት ከወዲህ፣ ሌላዋን ከወዲያ ይይዛሉ፤ ገመድ ጉተታ ይጀመራል። ቀለበቱ ግን አይለቅም። ሁለቱም እህቶች በስህተት ወደ አንድ ዳር ተይዘው ከሆነ ጉተታው ይላላል፤ ያን ጊዜ ክሩ ይፈታና እንደገና ይሞከራል።

ቀለበቱን የሚቆርጠው ሴፓሬዝ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እሱን ደግሞ ሴኩሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አንቆ ይዞታል። አንዲት ክሮሞሶም እንኳ ሳትያዝ ከቀረች፣ በ1991 ዘረመላቸው የተገኘው ማድና ቡብ የሚባሉት ፕሮቲኖች «ቆይ!» ይላሉ፤ የቀሩት ሁሉ ቢዘጋጁም ይጠብቃሉ። የመጨረሻዋ ስትያዝ ሴኩሪን ይፈርሳል፣ ሴፓሬዝ ይለቀቃል፣ ቀለበቶቹ ይቆረጣሉ፤ እህቶቹ በአንድ ጊዜ ይለያያሉ። በቂ ምግብ ካገኘች በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የምትባዛ ፍጥረት፣ እዚህ ላይ ብቻ ትዕግሥተኛ ናት።

የህዋስን ክፍፍል የሚመሩትን ዘረመሎች አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል ከዳቦ እርሾ፣ እንግሊዛዊው ፖል ነርስ ከሌላ እርሾ ለይተው አወጡ፤ በ2001 ከቲም ሃንት ጋር ኖቤል ተሸለሙ። የነርስ እርሾ ወገን መጀመሪያ ከየት የተገኘች መሰላችሁ? ከምሥራቅ አፍሪካ ጠላ! በ1893 ለይቶ የገለጻት ጀርመናዊው ፓውል ሊንድነር ነበር።

ያው ቀለበት፣ ያው ቆራጭ በኛም ገላ ውስጥ አለ። በእናት እንቁላል ውስጥ 21ኛው ክሮሞሶም ሳይለያይ ሲቀር፣ ልጁ ሦስት ቅጂ ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ ዳውን ሲንድረም የምንለው ይህ ነው።