የተፈጥሮ ጋዝ
የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬት በታች በአለት ቀዳዳዎች ውስጥ ታምቆ የሚገኝ፣ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን የሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። በጥንት ባሕሮችና ሐይቆች ወለል የተቀበረ የደቃቅ ፍጥረታት ቅሪት በሚሊዮኖች ዓመታት ሙቀትና ግፊት ተለውጦ ይፈጠራል፤ ጋዝ የማያሳልፍ አለት ከላይ ሲከድነውም ይጠራቀማል። ለብቻው ወይም ከድፍድፍ ነዳጅ ጋር ይገኛል።

በጉድጓድ ከወጣ በኋላ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወገዱለታል። ፕሮፔንና ቡቴንም ይለያሉ፤ በሲሊንደር ተሞልቶ ወደ ማእድ ቤት የሚገባው ጋዝ ከእነዚህ የተዘጋጀ እንጂ የተፈጥሮ ጋዝ ራሱ አይደለም። ልዩነቱ ለጥንቃቄ ወሳኝ ነው፦ ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ የሲሊንደሩ ጋዝ ግን ወለል ላይ ይተኛል።

የሚጓጓዘው በቧንቧ ነው፤ ወይም ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን ይዘቱ 600 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ በመርከብ ይጫናል። ለኤሌክትሪክ ማመንጫና ለዩሪያ ማዳበሪያ ይውላል። በኢትዮጵያ የካሉብና የሂላላ መስኮች በኦጋዴን ተፋሰስ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ቁፋሮ ተገኝተዋል።